ይመር በነፃ

ያን ቀን ጠዋት ዓሣ ስፍቅ ነበር። ከሐይቁ ገና የወጣ አምስት ቆሮሶ ነው፤ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ፊቴ ላይ ይለጠፋል። ሦስተኛውን ስይዝ ጎረቤቴ ብዙነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለችና፣ «ከድጅዬ፣ ይመር ሞተ» አለችኝ።

«ማን ለፈፈ?» አልኋት።

«ማን ይለፍፍ? ለፋፊው እኮ ነው የሞተው።»

ቢላውን አስቀመጥሁት። እውነቷን ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በዚች በሐይቅ ከተማ ሰው በሞተ ቁጥር ጡሩንባውን ነፍቶ፣ «ያልሰማህ ስማ» እያለ የሚጮኸው ይመር ነበር። የራሱን ሞት ግን ሰው በአጥር ቀዳዳ፣ እንደ ሐሜት ነው የሰማው። እኔም ፊቴ በዓሣ ቅርፊት አጊጦ ሰማሁት።

ፃፊ ሐያት፣ የልጄ ልጅ። አትሳቂ፣ ፃፊ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አንቺ ቆጥረሽ ስልክ ላይ አውራ ጣትሽን ከማሸት ሌላ ምን ሠራሽበት? ዛሬ እንኳን ለቁም ነገር ይዋል።

ከተማው ሁሉ «ይመር በነፃ» ነበር የሚለው። ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ውሸታቸውን ነው፣ ከራሱ አፍ የወጣ ስም ነው። ምን ግዛ ብትይው፣ «በነፃ እያለ?» ይላል። ገበያ ይወጣና አስር ሻጭ ዘንድ አንድ አንድ ብርቱካን ቀምሶ፣ ቁርሱን ሲጨርስ «ዘንድሮስ ይጎመዝዛል» ብሎ እጁን ይጠርጋል። ጫት ሲያምረው ሌላው ቅሞ የጣለውን ገረባ ይለቅማል። ደሴ መሄድ ሲፈልግ አስፋልቱ ዳር ይቆምና አሸዋ የጫነ አይሱዙ ላይ ይንጠለጠላል። ደሴ ሲደርስ ቅንድቡ ድረስ አሸዋ ሆኖ፣ ያውም በኩራት ይወርዳል፤ ሐጅ አድርጎ የመጣ ነው የሚመስል።

ደግሞ አንድ አመል ነበረው። ለፋፊ ሲጮህ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ይደፍናል፣ የገዛ ድምፁ እንዳያደነቁረው። ይመር ግን ለሁሉም ነገር ይደፍናል። ሱቅ ገብቶ ጨው ቆንጥሩልኝ ሲልም፣ ሚስት ለማጨት የተላከ ለትም ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚናገረው። በግራ እጁ ደግሞ ሙስበሃውን፣ የዱዓ መቁጠሪያውን፣ ይቆጥራል፣ ያች እንጨት ሙስበሃ ከጣቱ ወርዳ አታውቅም።

ድምፁን ግን አላህ በነፃ ብቻ አልሰጠውም፣ አብዝቶም ነው የሰጠው። ከኛ ሰፈር ተነስቶ ሐይቁን ተሻግሮ እስጢፋኖስ ገዳም ይገባል። እኛ ሴቶች በማንገባበት ገዳም የይመር ድምፅ ሳያስፈቅድ ይገባል። እስላም ከሞተ «ኢናሊላሂ» ብሎ ይጀምራል፤ ክርስቲያን ከሞተ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጀምራል። ቅሬያችን አንድ ነዋ። የሌላ አገር ሰው ካነበበው፣ ቅሬ ማለት እነሱ እድር የሚሉት ነው። ሰው ሲሞት የምንቀብርበት፣ ሰው ሲያለቅስ አብረን የምንቀመጥበት።

ከዚያ ለውጡ መጣ አሉ። እኔ የተለወጥሁት ነገር የለም፣ ያው ነኝ። ስልኩ ግን ተለወጠ። በጣት የሚዳበሰው ስልክ መጣና አረብ አገር ያሉት ልጆቻችን መልእክት ላኩ። «ሰው ሲሞት እኛ ከወር በኋላ ነው የምንሰማው። ለቅሬው ድረ ገፅ ክፈቱ፣ የሞተ ሰው ስም ይውጣበት፣ እኛም በጊዜው ዱዓ እናድርግ» አሉ። ቅሬው ለዚህ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ እኛ ሴቶች ከፀሐዩ። ጥላው ጠቦ እንዳይመስልሽ።

የምታስረዳን ሰዓዳ ነበረች። የቅሬያችን ልጅ ናት፣ ደሴ ኮምፒውተር ተምራ እዚያው ትሠራለች። ሻሿን አስተካከለችና ተነሳች።

«ድረ ገፅ እንደ ቤት ነው» አለች። «ቤት ደግሞ የሚሠራበት ቦታ ይፈልጋል። ሌት ተቀን የማይጠፋ ትልቅ ኮምፒውተር አለ፣ እዚያ ውስጥ ነው የሚቀመጥ። ማስቀመጫውን ሆስቲንግ ይሉታል። ሁለት ዓይነት ነው፤ በክፍያ አለ፣ በነፃ አለ።»

ይመር ጆሮውን ደፈነ። «በነፃ» አለ።

«አያ ይመር፣ ገና ሳልጨርስ?»

«ጨረስሽ እኮ። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«የቀረኝማ አለ። በነፃው የምትኖሩት ሰው ግቢ ውስጥ ነው። ስማችሁ ከባለግቢው ስም ጋር ተለጥፎ ነው የሚጠራ። ግድግዳችሁ ላይ የፈለገውን ማስታወቂያ ይሰቅላል። በሩ ቁልፍ የለውም፣ ማንም ገብቶ ያያል። የተበላሸ ለት የምትጠሩት ሰው የለም። የሰው እግር ከጠፋበት ደግሞ ሳይጠይቃችሁ ያፈርሰዋል። በክፍያው ግን ስሙም የራሳችሁ፣ ቁልፉም የራሳችሁ ነው፣ ቢጠፋም ቅጂ ይቀመጥላችኋል። በዓመት አንዴ በዶላር ይከፈላል፣ ካርድ ያለው ሰው ከውጭ ይከፍልላችኋል።»

ዶላር የምትለውን ስትጠራ ሽማግሌውን ሁሉ ባንድ ላይ ሳል ያዘው።

እኔ ዝም ማለት አልችልም፣ አላህ ሲፈጥረኝ ነው። «እኔ ደባል ሆኜ ኖሬ አውቃለሁ» አልሁ። «ሐሰን ሲያገባኝ አክስቱ ቤት አራት ዓመት ተደብለን ኖረናል። ኪራይ አልከፈልንም። ግን ወጤን እሷ ናት የምትቀምሰው፣ ሳጥኔን እሷ ናት የምትከፍተው፣ ከባሌ የተጣላሁ ለት ዳኛዋ እሷ ናት። በነፃ የኖርሁበትን ቤት ያህል የከፈልሁበት ቤት የለም።»

«አያችሁ» አለ ይመር። «አራት ዓመት በነፃ ኖራ ዛሬም ታማርራለች። ምስጋና አታውቅም።»

ወንዶቹ ሳቁ። የቅሬው ዳኛ፣ «ቁልፉ ነገርስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ይመር አሁንም ጆሮውን ደፍኖ፣ «ጌታው፣ ሟች ቁልፍ ምን ያደርግለታል? ሌባ መጥቶ ሞቱን ይወስድበታል?» አለ። ያን ጊዜ ሴቶቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። በነፃው ይሁን ተባለና ተበተንን። ስም የሚያወጣበትም ያው ለፋፊው ይመር ይሁን ተባለ።

መጀመሪያ ስማቸው የወጣው አንድ ደግ ሐጂ ነበሩ። ከስማቸው ሥር ፀጉሯ ወገቧ የደረሰ ሴት የቅባት ጠርሙስ ይዛ ትስቃለች። ቀጥሎ አንድ መሪጌታ አረፉ፤ ከሳቸው ሥር ደግሞ ቦርጭ የሚያጠፋ መቀነት ወጣ። ሽማግሌዎቹ ስልኩን ይዘው ይመር ዘንድ መጡ።

«ይመር፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«ለቅሶ ደራሽ ናት።»

«እየሳቀች?»

«የሩቅ ዘመድ ናት፣ ብዙም አላዘነች።»

እንዲህ ብሎ ይመልሳል እንግዲህ። ሰውዬው ግን ነገሩን ወደደው። አዲስ የሞተውን ብቻ አይደለም የሚያወጣ፤ ሰላሳ ዓመት የለፈፈውን ሁሉ ካንጎሉ እያወጣ ይፅፍ ጀመር። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ባል፣ የተቀበረው እዚህ፣ የተቀበረ ለት ዝናብ ነበር፣ አልነበረም። ሆቴሉ በር ላይ ድንጋይ አለች፤ እዚያ ተቀምጦ የሆቴሉን ዋይፋይ በነፃ እየሳበ፣ ባንድ ጣቱ። አንድ ስም ሲጨርስ የሙስበሃዋን አንድ ፍሬ ያሳልፋል። አስተናጋጆቹ ሻይ እንኳን እዘዝ ሲሉት፣ «ሙታን ሻይ አይጠጡም» ይላቸዋል። አንድ ዓመት ተኩል እንዲያ ሲፅፍ ኖረ። ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር፣ «ከድጃ፣ ያባትሽን ስም አስገባሁልሽ፣ በነፃ» ይለኛል። «አባቴ ሥር ማንን ሰቀልህበት?» እለዋለሁ። «ጫማ ነው፣ ደህና ጫማ» ይለኛል። አባቴ ጫማ ሳያደርግ ነው የሞተው።

ከዚያ ባሌ ሐሰን ሞተ። ረቡዕ ቀን ነው። ስለሱ ዛሬ አልናገርም፣ ዛሬ የይመር ነው። የምናገረው ስለ እናትሽ ነው፣ ስለ ልጄ ስለ ፋጡማ። አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ እሷ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን የሚሰጧት አርብ አርብ ብቻ ነው።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ግራና ቀኝ ብብቷን ደግፈው ነው የሚነገር። ብቻዋን፣ የሰው አገር፣ የሰው ድስት እያማሰለች አባትሽ ሞተ ብትባል ማን ይይዛታል? አንዷ ያገራችን ልጅ እንዲያ ሰምታ ካሠሪዎቿ ቤት እንደወጣች ነው፣ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አይታወቅም። ስለዚህ ቤተ ዘመዱ መከረና፣ ፋጡማ ለዕረፍት እስክትመጣ ይደበቃል፣ ስትመጣ በወጉ ይነገራታል ተባለ።

ሐሙስ ጠዋት ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንዷ፣ «ሐሰንማ አፈሩ ሳይደርቅ ገፁ ላይ ወጣ» አለች። ሳይውል ሳያድር ማውጣት የይመር ኩራቱ ነዋ። ሀዘንተኛ ከምንጣፏ አትነሳም ይላሉ፤ ተነሳሁ። ሴቶቹ «ምን ሆነች» ሲሉ እየሰማሁ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ እንደለበስሁ ሆቴሉ በር ድረስ ሄድሁ። እሱ ድንጋዩ ላይ ነው።

«ይመር፣ የሐሰንን ስም አውርድ።»

ጆሮውን ደፈነ። «ከድጃ፣ ሰው በሞተ ዕለት ይውጣ ብሎ የወሰነው ቅሬው ነው። ያንቺ ባል ከማን ይበልጣል?»

«ነገ አርብ ነው።»

«አርብ ቢሆንስ?»

«ፋጡማ ነገ ስልኳን ትይዛለች። ስትይዝ መጀመሪያ የምታየው ያንተን ገፅ ነው። ካገሬ ማን ሞተ ብላ።»

እጁ ከጆሮው ወረደ። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ያ አመለኛ አፉ፣ «እንግዲህ የነፃ ቤት ነው፣ ቁልፍ የለውም። ምን ልሁን?» አለኝ።

«ሟች ቁልፍ ምን ያደርግለታል ያልኸው አንተ አይደለህ?»

ተነሳና ወደ አስፋልቱ ሄደ። ከኋላው ሰደብሁት። ምን ብዬ እንደሰደብሁት አትፃፊው፣ ሰውዬው ሞቷል።

አርብ ፋጡማ ደወለች። «እማ፣ እንዴት ናችሁ? አባቴስ?» አለች። ድምፅዋ ደህና ነው፤ ሰላም ነው። «ሰላት ላይ ነው» አልኋት። «እማ፣ የቅሬው ገፅ ምን ሆኖ ነው? አይከፈትም እኮ፣ ጨርሶ የለም ይለኛል» አለች። «የነፃ ነገር ምኑ ይታመናል» ብዬ ስልኩን ለሌላ ሰጥቼ ቁጭ አልሁ።

ነገሩ በሰዓቱ ተሰማ። ገፁ ድምጥማጡ ጠፍቷል። የሐሰን ስም ብቻ ሳይሆን የሁሉም፤ ሐጂውም፣ መሪጌታውም፣ ያባቴም፣ ባለፀጉሯ ሴትዮም። ቅሬው ይመርን ጠራው።

«ምን ሆነ?» አለ ዳኛው።

«ጠፋ።»

«እንዴት ጠፋ?»

«ነካካሁት፣ ጠፋ።»

«ያ ሁሉ የሰላሳ ዓመት ስም?»

«በነፃ የነበረ ነገር ነው እኮ። ምን ከሰርን?» አለ፣ ጆሮውን ደፍኖ።

ቀጡት። በሚቀጥሉት ሦስት ለቅሶዎች ውሃ ቀጂ ይሁን ተባለ፣ የጎረምሳ ሥራ። ያ በድምፁ ሐይቅ የሚሻገር ሰው ጀሪካን ተሸክሞ በሰው መሐል ሲያልፍ ሰው ይስቃል። እኔም አላህ ሲያድን በደደብ እጅም ያድናል ብዬ፣ ውሃውን ሲያፈስስ አይቼ ስቄበታለሁ።

ከዚያ በኋላ አርብ በመጣ ቁጥር ስንዋሽ ነበር። ፋጡማ አባቴስ ስትል ሰላት ላይ ነው፣ መስጊድ ነው፣ ውዱእ እያደረገ ነው። ወላሂ ያን ሰሞን እንደ ሐሰን የሰገደ ሰው ወሎ ላይ አልነበረም። በሕይወት እያለ ለጁምዓ እንኳን ገፍቼ ነበር የምሰደው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሚፅፈው ብዙ ነው፣ ለነሱ ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው ዱቄት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ሰው ጠፋ። ኔትወርክ ሲጠፋ ውሸታችን አረፈልን፤ እሱ ብቻ ነው ካመጣው ሁሉ የሚመሰገን።

ያን ጊዜ ጡሩንባ መንፋት የለም። ጡሩንባ የሚሰማው ባለጠመንጃም ነው። ግን ሰው ይሞታል፣ ከወትሮው ይበልጥ ይሞታል፣ መቀበርም አለበት። ይመር በየቤቱ ይሄድ ጀመር። በሩን በጥፍሩ መታ መታ ያደርጋል። ስትከፍቺለት ቀኝ ጆሮውን ደፍኖ፣ በሹክሹክታ፣ «ያልሰማሽ ስሚ፣ እገሌ ሞቷል፣ ቀብሩ ጎህ ሲቀድ ነው» ይልሻል። ለሹክሹክታ ጆሮ መድፈን። አንድ ቀን፣ «ይመር፣ እጅህን አውርድ፣ በዚህ ድምፅስ አትደነቁርም» አልሁት። «ካልደፈንሁ አይወጣልኝም» አለኝ። ወደ ሌላው በር ሄደ። ሙስበሃዋን አየኋት፤ ፍሬዎቿ መሐል ቀይ ክር ቋጥሯል፣ ብዙ ቋጠሮ። ምንድን ነው ስለው፣ «እስክፅፋቸው ነው» አለኝ። የት ላይ እንደሚፅፋቸው አልጠየቅሁትም።

ጦርነቱ አለፈ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ፋጡማ መጣች። ዘመድ ቤት አሳደርናት። በነጋታው ጠዋት ሰዉ ተሰበሰበ፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከግራና ቀኝ፣ ከሁሉም ፊት ይመር። እሷ ገና እንቅልፏን ሳትጨርስ ወጣችና ያን ሁሉ ሰው አየች። ሰላም ልትል ስትል ይመር ቀኝ እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ።

እናትሽ ያን እጅ ስታይ አወቀች። የሐይቅ ልጅ ነቻ። ያ እጅ ወደዚያ ጆሮ ሲሄድ ምን እንደሚከተል የማያውቅ የለም። አፉን ሳይከፍት ጮኸች፤ ስትወድቅ የስንት ሴት እጅ እንደያዛት አልቆጠርሁም። መሬቱን ግን አልነካችም። እኔ ያን ቀን የለመንሁት ይሄን ብቻ ነበር፣ መሬት እንዳትነካ።

ሰዓዳ ለዚያ ለቅሶ ከደሴ መጥታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ድስት ስናጥብ፣ «እማ ከድጃ፣ አያ ይመር ለመኪና ከፍሎ እንደሚያውቅ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ይመር? ጤና የለሽም።»

«ያን ሐሙስ ደሴ ሥራ ቦታዬ መጣ። አይሱዙ አጥቶ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አልችልም ብሎ፣ የባዶውን ወንበር ሁሉ ከፍሎ ብቻውን ነው የመጣ። ስልኩን ሰጠኝና የጋሽ ሐሰንን ስም አውርጂ አለኝ። አወረድሁት። ገፁ ግን አሮጌውን ማሳየቱን አልተወም። አንዳንዴ ቀን ይፈጃል፣ የነፃ ስለሆነ ደግሞ ደውዬ የማስቸኩለው ሰው የለም። ሙሉ ቤቱን ብናፈርሰው ግን አሁኑኑ ይጠፋል አልሁት። ቅጂ የለውም፣ የፃፍኸው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ አንድ ስም አይመለስም አልሁት።»

«ምን አለ?»

«ሙስበሃውን አንድ ዙር አዞራት። ከዚያ አፍርሺው አለኝ። ምክንያቱን ለማንም እንዳትናገሪ፣ እዚህ አንድ ሰው ከሰማ አረብ አገር ይደርሳል አለኝ።»

ድስቱን አስቀመጥሁት። ጀሪካኑ ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ሳቄን ምን ላድርገው?

በነጋታው ድንጋዩ ላይ አገኘሁት። «ይመር፣ ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«ምኑን?»

«ሚኒባሱን።»

«ተይኝ እስቲ» አለ። «ሹፌሩ ሌባ ነው። ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር አስከፈለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።» ሌላ ነገር አላለም። እኔም ላመሰግነው የያዝሁትን ቃል ይዤ ተመለስሁ።

ሰው ሆነ ብዬ ሳስብ ደግሞ ምን አደረገ? ሀዘኑ ሳይወጣ ፋጡማን ጠራት። «ልጄ፣ ያ በዓመት አንዴ የሚከፈለው ቤት፣ ቁልፍ ያለው፣ በካርድ ነው አሉ። ካርድ ይኖርሻል?» አላት። እንባዋ ሳይደርቅ። እሷም ሳቀች፤ ከመጣች መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። ተመልሳ ከፈለች፣ ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ እሷ ናት የምትከፍል። ቤቱ የራሱ ስም አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ስቃ የምትመጣ ለቅሶ ደራሽ የለችም። ይመር ደግሞ ቁልፍ ያለው ቤት ገባ፣ ያውም በነፃ።

የቁልፉ ሥርዓት እንዲህ ነው። በየአገሩ፣ በየከተማው ላለ አንድ ደህና ሰው ቁልፉ ይሰጣል። ያ ሰው ብቻ ገብቶ ያያል፣ የሞተበትን ሰው ለይቶ፣ ሌሎች ሰብስቦ ሄዶ በወጉ ይነግራል። እዚህ ማን ይያዘው ሲባል ቅሬው ተጨቃጨቀ። ማንበብ የሚችል ሁሉ ገብቶ አይቶ ይደውላል። ይመር ጆሮውን ደፈነና፣ «ለከድጃ ስጧት። ማንበብ አትችል፣ ብትከፍተውም ምንም አታይ» አለ። በዕድሜዬ እንደዚህ የተሞገስሁበት ቀን የለም። ይኸው ሰዓዳ ቁልፉን በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ በቃሌ ይዤ ለየአገሩ ሰው በስልክ እነግራለሁ። ፋጡማ ግን አታውቀውም። ኪራዩን የምትከፍል እሷ፣ ደጅ የቆመች እሷ። ቁልፉ ምንድን ነው ብለሽ ደግሞ እንዳታዪኝ፣ አንቺም አታውቂውም።

ስሞቹንስ? ከሀ ጀመረ። ያንኑ ሰላሳ ዓመት፣ ያንኑ ድንጋይ ላይ፣ ባንዲት ጣቱ። እነዚያን ቀይ ክሮች ደግሞ አንድ ስም በፃፈ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይፈታል።

እንግዲህ ያን ጠዋት ዓሣውን እንዳለ ትቼ እጄን ታጠብሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ለቅሶው ቤት አይደለም፤ ስልኩን ነው ያነሳሁት። ፋጡማ ያለችበት ከተማ ቁልፍ የያዘችው ሐሊማ ናት።

«ሐሊማ፣ ይመር ሞቷል። ሰዓዳ ስሙን ታስገባለች። አርብ ሦስት ሆናችሁ ፋጡማ ዘንድ ሂዱ። በስልክ እንዳትነግሯት።»

«እማ፣ ዘመዳችሁ ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ ዘመዳችን ነው» አልሁ።

ሲያጥቡት ሙስበሃዋ ጣቱ ላይ ነበረች አሉ። ክር አልቀረባትም፣ ሁሉም ተፈቷል።

ጡሩንባው ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ደፍሮ ያወረደው አልነበረም። ማን ነፍቶ ምን ሊል? ሰዉ ግን መጣ። ከአርዲቦ በኩል መጣ፣ ከገዳሙ ቄሶቹ በእግራቸው መጡ፣ አይሱዙ የሚነዱት መኪናቸውን አስፋልቱ ዳር ደርድረው መጡ፣ ብርቱካን ሻጮቹ ገበያቸውን ትተው መጡ። ውሃ ቀጂ ተብሎ የተሳቀበት ሰው ቀብር ላይ መቆሚያ ጠፋ።

ከቀብር ስንመለስ ብዙነሽ አጠገቤ ነበረች። በሯ ላይ ስትደርስ የነጠላዋን አቧራ አራገፈችና፣ «ከድጅዬ፣ ለሌላው ጡሩንባ ተነፍቶ፣ በየበሩ ተለፍፎ ነው ግማሹ የሚመጣ። ይሄ ሰውዬ ማንም ሳይለፍፍለት አገሩን ሁሉ አስመጣ» አለችኝ።

በሩን ከፈተች፣ ገባች፣ ደግሞ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ይቺንም በነፃ ወሰዳት።»